ክቡር የቀድሞና የምሕረት ደወል

ትምህርት ቤት ሁሉ ሁለት ዓይነት ተማሪ ያስመርቃል፤ የሚሄድና የማይሄድ። የሚሄደው የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ኑሮውን ሊኖር ይወጣል። የማይሄደውም እንደዚያው ይወጣል፤ ግን በነጋታው "እንዴት ናችሁ?" ለማለት ብቻ ተመልሶ ብቅ ይላል። ከዚያ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ እንዴት ናችሁ ሲል ይኖራል። እናንተም አንድ ታውቃላችሁ። አላውቅም የሚል ካለ ሰውየው ራሱ ቢሆን ነው።

የእኛው ክቡር የቀድሞ ይባላሉ። እኛ ስል የካቶሊክ ወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ማለቴ ነው። ክቡር የቀድሞ ስማቸው አይደለም። ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ "የቀድሞ ተማሪ ነኝ" ብለው ስለሚጀምሩና ብዙ ጊዜም እዚያው ላይ ስለሚያበቁ ተማሪዎች ያወጡላቸው ማዕረግ ነው። በሙያቸው ፋርማሲስት ናቸው። መድኃኒት ቤት ሊከፈትበት የሚችል ቦታ ሞልቶ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ እንኳ የሚከራይ ሱቅ እያለ፣ እሳቸው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ከፈቱ። ጤነኛ ጎረምሳ እንጂ በሽተኛ በማያልፍበት መንገድ! ገበያ እንዴት ነው ሲባሉ "እይታው ጥሩ ነው" ይላሉ።

ከነጭ ጋውናቸው ሥር የትምህርት ቤቱን ክራባት ያስራሉ። ክራባቱ ድሮ ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሰረዝ ነበረው። ቢጫው ከዕድሜ ብዛት ነጥቷል፤ ሰማያዊው አሁን ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ለሳል መድኃኒት ብሎ የገባ ሰው ከሽሮፑ ጋር የትምህርት ቤቱን ታሪክ ተሸክሞ ይወጣል። እኔ ራሴ አንድ ቀን ለጨጓራዬ ኪኒን ልገዛ ገብቼ፣ መሥራቹ አባ የመሠረቱን ድንጋይ እንዴት እንዳኖሩ ሰምቼ ተመለስኩ። ኪኒኑን መርሳቴን ቤት ስደርስ ጨጓራዬ አስታወሰኝ።

ስለዚያ ድንጋይ ትንሽ ልበል። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ በክቡር የቀድሞ አተራረክ፣ መሥራቹ አባ ድንጋዩን በእጃቸው ነበር ያኖሩት። ከተመረቅሁ በኋላ ድንጋዩ በትከሻ የሚሸከሙት ሆነ። ባለፈው ዓመት የወላጆች ቀን ላይ ደግሞ ብዙ ጎልማሳ ተረባርቦ ማንቀሳቀስ ያቃተውን ድንጋይ መሥራቹ አንድ ጊዜ "አባታችን ሆይ" ደግመው ብቻቸውን ብድግ አደረጉት። እንዲህ ከቀጠለ ድንጋዩ ከሕንጻው መብለጡ አይቀርም።

ገንዘብ ተቀባይዋ ታናሽ እህታቸው ናት። በዚህ ዓለም ላይ ክቡር የቀድሞን ማቋረጥ የሚችል ሰው እሷ ብቻ ነች።

"ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው እያሳለ እኮ ነው! መጀመሪያ መድኃኒቱን ስጠው፣ ከዚያ መሥራቹን ታስነሣቸዋለህ።"

"አንቺ ታሪክ አይገባሽም።"

"አዝለህ ያሳደግኸኝ ሰው ባትሆን ኖሮ ያንን ክራባት ይኼኔ አቃጥዬው ነበር" ትላለች፤ ደንበኛው እየሳቀም እያሳለም ይከፍልና ይሄዳል።

የትምህርት ቤታችን ወግ ጠባቂ አድርጎ ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ ማንም ሊሽራቸው እንደማይችል ግን የታወቀ ነው። በመግቢያው አዳራሽ ወለል ላይ በንጣፍ ድንጋይ የተሠራ ኮከብ አለ። ተማሪ አይረግጠውም፤ ዞሮት ነው የሚያልፈው። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ጠጋኙ በሩጫ ሲገባ፣ ክቡር የቀድሞ ክንዱን ይዘው ከነመሣሪያ ሣጥኑ ኮከቡን አዞሩት። ውሃው ግን ምንም ሳያፍር በኮከቡ ላይ አለፈ። ከበሩ በላይ ደግሞ በላቲን የተጻፈ መፈክር አለ፤ ትርጉሙን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን እንደ ጥፋቱ ይተረጉሙታል። ሸሚዙ ለወጣበት ልጅ "ንጽሕና ክብር ነው" ማለት ነው፤ በኮሪደር ለሚሮጠው ደግሞ "ቀስ በል"።

በየዓመቱ የቀድሞ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ኳስ ይጫወታሉ። ግብ ጠባቂያችን ክቡር የቀድሞ ናቸው፤ ከነክራባታቸው። ድሮ ድሮ ኳሷን ይጠብቁ ነበር። አሁን አሁን ግን የሚጠብቁት ግቡን ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይሰርቀው። ኳስ በእግራቸው መሐል ሾልካ ስትገባ ዞር ብለው በትዝብት ያዩዋትና "በእኛ ጊዜ ቢሆን ይቺ ግብ አትባልም!" ይላሉ።

"በእኛ ጊዜ ቢሆን!" የዘወትር ጸሎታቸው ነው። ከዚህ ሁሉ ግን አፋቸውን ሞልተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ተማሪ ሲሰማም ወላጅ ሲሰማም የሚሏት አንዲት ነገር አለች። "በእኛ ጊዜ ማርፈድ የሚባል ነገር አልነበረም!" እኔ ይህችን ዐረፍተ ነገር ከአባቴ ምክር በላይ ሰምቻታለሁ። ምክንያቱም ሁልጊዜ አረፍዳለሁ። ተማሪ ሆኜ አርፍጃለሁ፣ ለሠርጌ አርፍጃለሁ፣ ይህንንም ጽሑፍ አርፍጄ ነው ያስረከብኩት።

ክቡር የቀድሞ ጠዋት ጠዋት የመድኃኒት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ትምህርት ቤቱ ፊታቸውን አዙረው ቀኝ እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ያወርዱታል። አንዳንዱ ተማሪ ይባርኩናል ይላል፣ አንዳንዱ ይዝቱብናል። አንድ ቀን ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው "ለመሥራቹ ሰላምታ ነው። እናንተ ሰላምታ የት ታውቁና!" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ወደ ደወሉ ልምጣ። በእኛ ትምህርት ቤት የጠዋቱ ደወል በገመድ ይደወላል። ተከታትሎ ይጮኽና ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለብቻው ይመታል። ይህቺ የመጨረሻ ምት የምሕረት ደወል ትባላለች። እሷ ከመመታቷ በፊት በሩን ያለፈ ልጅ እንዳረፈደ አይቆጠርም። ዝምታው ደግሞ ልክ የለውም፤ አንዳንድ ቀን አጭር ነው፣ አንዳንድ ቀን ይረዝማል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ክቡር የቀድሞ ስለዚህ ደወል ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። መሥራቹ አባ፣ የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው አስበው የጀመሩት ነው ይላሉ። ወንጌል ጠቅሰው ይጀምሩና፣ ዝናብ ይጨምሩበታል፣ መሥራቹን በዝናቡ ውስጥ ገመዱን አስይዘው ያቆሟቸዋል። እኛም ራሳችንን ወዝውዘን እንሰማለን።

ታዲያ ዘንድሮ ጉድ ፈላ። አዲስ ዳይሬክተር መጡልን። ወጣት ካህን ናቸው፤ ቀልጣፋ፣ ሰው የሚያከብሩ፣ ስብሰባ ሲገቡ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው የሚቀመጡ። በገቡ በጥቂት ወር የላቦራቶሪውን ጣሪያ አስጠገኑ፣ መጸዳጃ ቤቱን አሳደሱ፤ ሁላችንም አመሰገንን። ቀጥለው ግን በራሱ ሰዓት የሚጮኽ የኤሌክትሪክ ደወል ሊያስገጥሙ መሆኑን አስታወቁ። ገመዱ ይወርዳል፤ የምሕረት ደወሏም ትቀራለች።

ክቡር የቀድሞ በነጋታው ቢሮዬ ድረስ መጡ። እኔን ያለ ፈቃዴ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው እንቅልፍ አላየም።

"አንተ ልጅ፣ ተነሥ" አሉኝ። መላጣዬ ከቢሮው መብራት እኩል ያበራል፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። "ስብሰባ ጥራ።"

"ጋሼ፣ ደወል እኮ ነው። ይሄም ይጮኻል፣ ያም ይጮኻል።"

እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። "ያኛው አያይም!" አሉና በሩን ሳይዘጉት ወጡ። ደወል ምኑን ያያል ብዬ ትንሽ ተገረምኩ፤ ከዚያ ስብሰባውን ጠራሁ።

ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። ክቡር የቀድሞ ክራባታቸውን አስተኩሰው መጥተዋል። እህታቸው የድሮ ፎቶግራፎች የታጨቁበት ካርቶን አሸክመዋት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የተከፋች መስላ፣ ግን አንድም ቃል እንዳያመልጣት ጆሮዋን አቁማ። ከፊት ደግሞ ሽማግሌው ብራዘር ነበሩ። ብራዘር ለእኛ የእንጨት ሥራ ያስተማሩን መነኩሴ ናቸው። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖራሉ፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

ክቡር የቀድሞ ተነሥተው ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። መሥራቹ መጡ፣ ዝናቡ መጣ፣ የጠፋው ልጅ መጣ። ድንጋዩም ሳይጠራ ገባ። ሲጨርሱ አጨበጨብን።

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው አዳመጧቸው። "ጋሼ፣ ለትምህርት ቤቱ ያለዎትን ፍቅር ሁላችንም እናውቃለን" አሉ። "ግን ወጉ የመሥራቹ ከሆነ እኔም መንካት ስለምፈራ ብራዘርን ጠየቅኋቸው። ብራዘር፣ ለእኔ የነገሩኝን ለሁሉም ይንገሩልኝ።"

ብራዘር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። "ያንን ደወል የሰቀልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "መሥራቹ አባ ያኔ ካረፉ ቆይተዋል። ደወሉን አላዩትም።"

 ክቡር የቀድሞ ወለሉን አዩ። ስንት ዘመን ሲተረክ የኖረ ታሪክ፣ ያውም በራሳችን መነኩሴ አፍ! እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብራዘር ግን አልተቀመጡም። "የመጨረሻዋን ምትም የጀመርኩት እኔው ነኝ" አሉ። "ያን ጊዜ ገመዱ ጋ ስቆም በመስኮቱ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ይታየኝ ነበር። አንድ ልጅ ነበር። ሁልጊዜ ሲሮጥ ነው የማየው፤ እየሮጠ ክራባቱን ያስራል። እኔ ደውዬ ስጨርስ እሱ ገና መታጠፊያው ላይ ነው። በጊዜው የነበሩት ዳይሬክተር ደግሞ ኃይለኛ ነበሩ፣ የሚያረፍድ ያባርራሉ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አሳዘነኝ። አንዷን ምት አስቀረሁለት። እግሩ በሩን ሲያልፍ እመታታለሁ።"

"ልጁ ማን ነበር?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"እሱን አልናገርም። ልጁም አያውቅም።"

ዳይሬክተሩ ኮምፒውተራቸውን እያዩ ትንሽ አሰቡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራ ያለበት ሰው ናቸው። "ብራዘር፣ ታሪኩ ልብ ይነካል" አሉ። "ግን ማን እንደሆነ እንኳ ለማይታወቅ ለአንድ ልጅ የተደረገን ነገር ለሁልጊዜ ደንብ ማድረግ ይከብደኛል። ልጆቹ ሰዓት ማክበር ይልመዱ። ጋሼ ራሳቸው ሲሉ አይደል የሚውሉት? በእሳቸው ጊዜ ማርፈድ የሚባል ነገር አልነበረም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክቡር የቀድሞ ብቻ አልሳቁም። ቀስ ብለው ተነሡ፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ክራባታቸው ሄደና እዚያው ቀረ።

"ልጁ ያውቃል" አሉ።

ብራዘር ቀና አሉ።

"እናታችን ሆስፒታል የሌሊት ጽዳት ነበረች" አሉ ክቡር የቀድሞ። እንዲያ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። "አባት የለንም። ቤት ውስጥ ሕፃን አለች። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ሕፃኗን ትቼ መሄድ አልችልም። ደጃፍ ላይ እጠብቃታለሁ፤ ከጀርባዬ አውርጄ አስረክባታለሁ፤ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ነው። ብዙ ቀን ሸሚዜ ላይ ሕፃኗ ያስመለሰችው ወተት አለ። ክራባቱን ጠበቅ፣ ረዘም አድርጌ የማስረው እሱን ሊሸፍንልኝ ነው።"

እጃቸውን ከክራባታቸው ላይ አወረዱ።

"አንድ ቀን ጠረጠርኩ። በሩ ጋ ደርሼ ሳልገባ ቆምኩ። ደወሉም ቆመ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አይመታም። እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ ተመታ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሰ ሮጥኩ፤ ብራዘር ብዙ እንዳይጠብቁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን መሥራቹ ናቸው የጀመሩት ስትል የኖርከው ለምንድን ነው?" አሉ ብራዘር። 

"ልጆች 'ይቺ የመጨረሻዋ ለምንድን ናት?' ማለት ጀመሩ። የያኔው ዳይሬክተር ሰምተው ቢመረምሩ የሚቀጡት እርስዎ ነዎት። ሰውየው ለቤቱ አዲስ ነበሩ፤ መሥራቹ ያደረጉትን ነገር ግን ደፍረው አይነኩም። እና መሥራቹ ናቸው አልኩ።" ክቡር የቀድሞ ትንሽ ፈገግ አሉ። "አንዴ ከጀመሩት በኋላ ደግሞ ማቆም ያስቸግራል። ዝናቡን የጨመርኩት ቆይቼ ነው።"

ብራዘር ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ሄዱና አቀፏቸው። ያለ ምርኩዝ ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ከኋላ እህትየዋ ካርቶኑን እንደታቀፈች ብድግ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

"አባ፣ ቅጣት ካለም እኔ ነኝ መቀጣት ያለብኝ! ያስረፈድኩት እኔ ነኛ!"

ቤተ መጻሕፍቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ግማሹ ሳቅ ግን አፍንጫ መጥረጊያ የሚያስፈልገው ዓይነት ነበር። ዳይሬክተሩ ኮምፒውተራቸውን ዘጉት። የኤሌክትሪኩ ደወል ለክፍለ ጊዜ መለወጫ እንደሚሆን፣ የጠዋቱ ግን በገመድ እንደሚቀጥል ተናገሩ። የትምህርት ቤታችን የወግ ታሪክ ላይ ይህ ውሳኔ ከመሠረቱ ድንጋይ ቀጥሎ መመዝገብ አለበት ባይ ነኝ።

ስወጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጠዋት የሚደውለው ዘበኛው ነው። ገመዱ ጋ ያለው መስኮት ደግሞ ላቦራቶሪው ከተሠራ ወዲህ መታጠፊያውን አያሳይም፤ የሚያሳየው ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ደጃፍ ብቻ ነው። ዘበኛው የሚሮጠውን ልጅ ሳያይ ምሕረቷን መቼ እንደሚመታ እንዴት ያውቃል? ሄጄ ጠየቅሁት።

"እኔ ምኑን አየዋለሁ?" አለኝ። "ጋሼን ነው የማየው። እሳቸው ካሉበት መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። እጃቸው ከፍ ካለ የሚሮጥ ልጅ አለ ማለት ነው፣ እጠብቃለሁ። እጃቸው ሲወርድ እመታለሁ። ሥራ ስጀምር እንዲህ ነው የተስማማነው።"

እዚያው ዘበኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለመሥራቹ ሰላምታ ነው አሉኝ! እይታው ጥሩ ነው አሉኝ! እኔ የመጨረሻ ክፍል ሳለሁ ያ መድኃኒት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እጃቸውም ከያኔ ጀምሮ ይነሣ ነበር። በሬን ሳይዘጉት የወጡት፣ ያኛው አያይም ያሉትም ለዚህ ነው። እወዳቸዋለሁ። ይህን በጽሑፍ ካላልኩት ፊት ለፊት ማለት አልችልም፤ አፌን ስከፍት "በእኛ ጊዜ ቢሆን" ብለው ያቋርጡኛል።

ክቡር የቀድሞ ከስብሰባው በኋላ ይሻሻላሉ ብላችሁ ከጠበቃችሁ አታውቋቸውም ማለት ነው። መፈክራቸውን ግን ጥቂት አርመዋታል። "በእኛ ጊዜ" ይላሉ አሁን ደረታቸውን ነፍተው፣ "ያረፈደ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የተከበረ ሰው ነበር!"

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የምሥረታ ቀን ነበር። በዚያ ቀን የቀድሞ ተማሪዎች ከልጆቹ ጋር በጠዋት ሰልፍ ላይ መቆም አለብን፤ ወግ ነው። እኔም እንደ ወጌ አረፈድኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ደወሉ ተከታትሎ ጮኸና ዝም አለ። መንገዱ ላይ አንድም ተማሪ የለም፤ ልጆቹ ሁሉ ገብተዋል። እንግዲህ አለቀ ብዬ እርምጃዬን ቀስ አደረግሁ። ቀና ስል የመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነጭ ጋውን አየሁ።

ቀኝ እጃቸው ከፍ ብሏል።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

"አንተ ልጅ! ምን ያንቀረፍፍሃል? ሩጥ!"

ሮጥኩ። ቦርጬን ይዤ፣ መነጽሬን ይዤ፣ የሰፈር ሰው እያየኝ ሮጥኩ፤ እየሮጥኩም ክራባቴን አሰርኩ። እህትየዋ ከመስኮቱ ብቅ ብላ "አይዞህ ደርሰሃል!" ትለኛለች። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እግሬን ከበሩ ውስጥ አስገባሁ፤ ደወሉ ተመታ። ከኋላዬ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የታወቀው ድምፅ መጣ።

"ክራባትህ ጠሟል!"